ፖስተኛው

ከቦርከና ማዶ፣ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር፣
ሥራዬ ሚዛን ነው፣ ከደቃቅ ነገር ጋር።
ማክሰኞ በጠዋት ሦስት አውራ ይመጣል፤
ዶክተር ሲራጅ ያርዳል፣ ደብተሬ ይገለጣል፤
ከጀርባ አጥንቱ ሥር፣ ኩላሊቱን ገፍቼ፣
ሁለቱን የዘር ፍሬ አነሣለሁ ፈትቼ።

አራተኛው ሳምንት፦ የስንዴ ቅንጣት ናት።
ስምንተኛው፦ ምስር፤ ገና አልነጋላት።
ዐሥራ ሁለተኛው፦ ሽንብራ አክላ፤
ዐሥራ ስድስተኛው፦ እርጥብ ባቄላ፣
ትኩስ፣ መዳፍ የምታሞቅ።
አብዛኛውን ጊዜ ግራው ከቀኝ ይገዝፋል፤
ለምን እንደሆነ እንጃ፤ እጄ ቁጥሩን ይጽፋል።

አውራዎቹም ያን ጊዜ ጠባያቸው ይከፋል፤
የአናታቸው ሥጋ ቀልቶ እንደ ዘውድ ይሰፋል፤
አብሮት ያደገውን ወንድሙን ይወጋል።
አንዱ ሊጮህ ይጀምራል፤
ድምፁ እንደ ዛገ ማጠፊያ መሐል ላይ ይሰበራል፣
ራሱ ደንግጦ ዞር ብሎ ያያል፣
ማን ነበር? እንደማለት።

ዘበኛው ጋሽ ይመር በሩን ተደግፎ ያየኛል፤
"ማነው የሚነግረው? በምን ያውቃል?" ይለኛል።
"ብርሃን ነው፣ ጋሽ ይመር፤
በዓይን ብቻ አይደለም፣ በራስ ቅሉም ይገባል፣ አጥንቱን ሳይሰብር።
ከአንጎሉ ግርጌ አንዲት እጢ ተቀምጣለች፣
ቀኑ ሲረዝምላት ደብዳቤ ትልካለች፤
ደሙ ነው መንገዱ፣ ሆርሞን ነው ደብዳቤው፣
ጀርባው ሥር ነው አድራሻው።"
ጋሽ ይመር ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና፣
"ፖስተኛው ካልመጣስ?" አለኝ፣ በሳቅ ሄደና።

የኔ ሳቅ መሐል ላይ ቀረ።

ጥጉ ላይ፣ መስኮቱ በካርቶን የተደፈነበት፣
ቁጥር አርባ አንድ አለ፣ ከነዝምታው ያለበት።
እኩያቸው ነው፤ ይበላል፤ ክብደቱ አይታማም።
አናቱ ግን ገርጥቷል፤ ጎህ ሲቀድ አይሰማም።

ጦይባን ካገባኋት ሰባት ክረምት አለፈ።
እናቴ በየዓረፋው አዲስ ስም ታወጣላታለች፦
አምና "የደረቀ ማሳ"፣
ዘንድሮ፣ ሰው እየሰማ፣ "የቆመች እንግዳ"።
ጦይባ ዱአ አስደረገች፤ ቅጠል ጨምቃ ጠጣች፤
ሁለቴ ምርመራ ሄዳ ሁለቴ ደህና ናት ተባለች።
እኔ፣ የአውራ ፍሬ መዛኙ፣
የራሴን ደም ለማስመዘን
ሰባት ዓመት ፈራሁ።

ሐሙስ ዕለት ሀረጎን ወጣሁ።
ሚኒባሱ ያቃስታል፣ ረዳቱ ይሳደባል፤
ደሴ ጉም ለብሳለች፣ ጦሳ ጨርሶ ጠፍቷል።
ኮሪደሩ ላይ ስሜን ጮክ ብለው ጠሩ።
ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ወረቀቱን ገልብጣ፣
"ከፍሬው አይደለም" አለች፣ "ትእዛዙ ነው ያልመጣ።
ላኪዋ እጢ ዝም ብላለች። መርፌ አለው፤ ይሞከራል፤
ቃል ግን አልገባልህም።"
ሳቄ አመለጠኝ።
ያመመኝ መስሏት ውኃ ሰጠችኝ።

ማታ ኮምቦልቻ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ።
ጦይባ ደጃፍ ላይ በሰፌድ ምስር ትለቅማለች።
አንዷን አነሣሁ።
"ስምንተኛ ሳምንት" አልኩ።
"ምን?"
"ፖስተኛው አልመጣም፣ ጦይባ።"
"ለማን?"
"ለኔ።"

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።
ፖስታውን አልከፈተችውም፤ ጠጠር እንደምትለይ
በሁለት ጣቷ ይዛ ከጎኗ አኖረችው።
ከጎረቤት ግቢ አንድ አውራ ያለ ሰዓቱ ጮኸ፣
አልጨረሰውም።

ከዚያ፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣
"ለእናትህ አንተ ትነግራታለህ" አለች፤
"በዓረፋ፣ ሰው ሁሉ ባለበት።"

ምስሩን ቀጠለች።